ቁራጩን ጠይቀው

ከምሠራበት ጠረጴዛ በስተቀኝ፣ ግድግዳው ላይ፣ አንድ የሽቦ ቀለበት ተሰቅሏል። ቀለበቱ ላይ እንደ ቁልፍ የተሰኩት ወገባቸው ላይ የታጠፉ ትንንሽ የላሜራ ቁራጮች ናቸው። የአንዱ ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሌላው 1.5፤ የሌላው 2፤ የመጨረሻው 3። በእያንዳንዱ ላይ በብረት መጫሪያ የተጫረ ቁጥር አለ። ፊታቸው ጠቁሯል፤ ጠርዛቸው በእጅ ብዛት ለስልሷል። ለማያውቅ ሰው ቁራሌው ሲመጣ ተመዝነው የሚሸጡ ውዳቂዎች ይመስላሉ። ለእኔ ግን የሙያዬ ፊደል ናቸው።

ፊደሉን ያስቆጠሩኝ ሰው ዛሬ በሕይወት የሉም። ወርክሾፑ ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም፤ ከባለቤቱ ጀምሮ እስከ ዘበኛው ድረስ ሁሉም «ጋሼ» ነበር የሚላቸው። እኔም እዚህ ጋሼ እላቸዋለሁ።

በ2001 ዓ.ም. የድራፍቲንግ ዲፕሎማዬን ይዤ ሳሪስ አካባቢ ወደነበረ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ገባሁ። በር፣ መስኮት፣ የውኃ ታንከር፣ የእህል ማበጠሪያ የሚሠራበት ቤት ነበር። በዚያው ዓመት በኮምፒውተር የሚታዘዝ የፕላዝማ መቁረጫ ገዝቶ አስገብቷል። ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ ልጅ ነበረ፤ ብየዳው ላይ እጃቸው የተባረከ ባለሙያዎች ነበሩ። የጎደለው አንድ ሰው ነበር፦ በኮምፒውተር የተነደፈውን ዕቃ መቁረጫው ሊቆርጠው፣ ማጠፊያው ሊያጥፈው፣ በያጁም ሊገጣጥመው በሚችል መልክ የሚያዘጋጅ። ለዚያ ሥራ ተቀጠርኩ።

ያን ጊዜ ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ስክሪኑ ላይ ሣጥኑ ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ በማውስ ሳዞረው ይዞራል፤ ክዳኑ ሲገጥም ፀጉር አያሳልፍም። የሚቀረው ፋይሉን በፍላሽ ገልብጦ ማሽኑ ላይ መሰካት ነው ብዬ አምን ነበር። ስክሪን ላይ ያለ ብረት ግን አይከብድም፤ አይግልም፤ ሙቀት ነክቶት አይጣመምም፤ ሲያጥፉት አይለጠጥም፤ ሲለቁት ወደ ኋላ አይመለስም። እውነተኛው ላሜራ ይህን ሁሉ ያደርጋል። ዝግጅት የምንለው ሥራ ብረቱ የሚያደርገውን ሁሉ አስቀድሞ አስቦ ሥዕሉ ውስጥ ቦታ መስጠት ነው። ይህንን ለመረዳት አንድ ዓመትና 24 የተበላሹ አሸንዳዎች ፈጅቶብኛል።

ጋሼ ሙያቸውን የለመዱት የዕቃው ስም ሁሉ በጣሊያንኛ በሚጠራበት ጋራዥ ውስጥ ነበር። ላሜራ፣ ሞርሳ፣ ቶርኖ፣ ትራፓኖ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ ሲሉ ለእሳቸው የባዕድ ቃል አልነበረም፤ የቤታቸው አማርኛ ነው። እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት ላየር፣ ስኬል፣ ኮንቱር፣ ኮማንድ የሚሉ ቃላት ይዤ መጣሁ። መጀመሪያ ሰሞን አንዳችን የሌላችንን ቋንቋ አናውቅም ነበር ማለት ይቻላል። ያገናኙን ከሁለቱም የቀደሙት ቃላት ናቸው፤ ውስጡ፣ ውጪው፣ ልኩ፣ ክንፉ፣ እጥፋቱ። ኮምፒውተሩ አጠገብ ወንበር ስበው ይቀመጡና «ይቺ መስመር ውስጥ ናት ውጪ?» ይሉኛል። ዛሬም አንድ ሥዕል ስከፍት መጀመሪያ ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። የፕላዝማ ነበልባል እንደ እርሳስ ጫፍ ቀጭን አይደለም፤ በሚሄድበት ሁሉ ብረት ይበላል። በእኛ ማሽን 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ሲቆረጥ የሚበላው ስፋት 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር። ነበልባሉ ልክ በመስመሩ ላይ ከሄደ ዕቃው ከየጎኑ 0.75 ይቀንሳል፤ ቀዳዳው ደግሞ በዚያው መጠን በየዙሪያው ይሰፋል። ስለዚህ ለውጪው መስመር ነበልባሉ ወደ ውጪ፣ ለቀዳዳው ወደ ውስጥ ፈቀቅ ማለት አለበት። ማሽኑ ይህን እንዲያደርግ ውስጡንና ውጪውን መለየት አለበት፤ ለመለየት ደግሞ መስመሩ ዙሪያውን የተዘጋ መሆን አለበት። የመቶኛ ሚሊ ሜትር ክፍተት ካለች ዓይን አያያትም፤ ማሽኑ ግን ዙሪያው አልተዘጋም ብሎ ወይ ይቆማል፣ ወይ ፈቀቅ ሳይል በመስመሩ ላይ ይሄዳል።

የመጀመሪያ ፋይሌን ስንቆርጥ የሆነውን አልረሳውም። ነበልባሉ የዕቃውን አንድ ጎን ቆርጦ እንደጨረሰ ዞሮ በዚያው በተቆረጠው ላይ እንደገና መሄድ ጀመረ። የሚቆርጠው ብረት ስላልነበረ እየተፋ፣ እየተንጣጣ ጠርዙን አቀለጠው። ምክንያቱ እኔ ነበርኩ፤ ስነድፍ አንዱን መስመር ሳላውቅ በሌላው ላይ ደርቤዋለሁ። ለእኔ አንድ መስመር ነው፤ ለማሽኑ ሁለት ትእዛዝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፋይል ከእጄ ከመውጣቱ በፊት ተደራራቢ መስመር መጥረግ እንደ ፊት መታጠብ ልማድ ሆነብኝ።

ሌላም ብዙ ልማድ ተከተለ። ቀዳዳዎቹ አስቀድመው፣ የውጪው ዙሪያ መጨረሻ እንዲቆረጥ ማዘዝ፤ ዕቃው ከላሜራው ከተለየ በኋላ ስለሚንሸራተት ቀዳዳው ቦታውን ይስታል። ነበልባሉ ብረቱን መጀመሪያ የሚበሳበትን ነጥብ በተራፊው በኩል ማድረግ፤ የመብሻው ጠባሳ ዕቃው ላይ እንዳይቀር። የሚቆረጠውን፣ የሚታጠፈውንና የሚጫረውን መስመር በየራሱ ላየርና ቀለም መለየት። ልኬቶችን፣ የርዕስ ሣጥኑንና ማብራሪያውን ከመቁረጫው ፋይል ማውጣት፤ አለዚያ ማሽኑ ጽሑፉንም ይቆርጠዋል። የፋይሉ ስም ላይ የዕቃውን ቁጥር፣ ውፍረቱንና ብዛቱን መጻፍ። አንድ በአንድ ሲታዩ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ አንዷ ስትጎድል ግን ሙሉ ላሜራ ይዛ ትጠፋለች።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ የልክ ጉዳይ ነበር። ብዙ ወርክሾፖች የሚለዋወጡበት ፋይል ዲኤክስኤፍ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ አውቶካድ ከተባለው የንድፍ ፕሮግራም ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ፋይሉ 100 የሚል ቁጥር ይይዛል፤ 100 ምን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይናገርም። ሚሊ ሜትር ይሁን ኢንች የሚያውቀው የነደፈው ሰው ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ውጭ አገር የተነደፈ የፓምፕ ማቀፊያ ሳህን መጣልን። ስከፍተው የሳህኑ ወርድ 10 ይላል። እንደ ልማዴ ላሜራው ላይ ልደረድር ስል ጋሼ ያዙኝ።

«ቆይ ልጄ። የምታውቀው ነገር የቱ ነው?»

«ምን ማለትዎ ነው ጋሼ?»

«ከዚህ ሁሉ መስመር መሐል ዓይንህን ጨፍነህ ልኩን የምታውቀው።»

ዐሰብኩ። ሳህኑ በ10 ቁጥር ቡሎን እንደሚታሠር አውቃለሁ፤ ለ10 ቡሎን የሚተወው ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ 11 ሚሊ ሜትር ነው። ቀዳዳውን ለካሁት፤ 0.433 አለኝ። በ25.4 ሳባዛው 11 ሆነ። ሥዕሉ በኢንች ነበር። ዝም ብዬ ቆርጬው ቢሆን ኖሮ 254 ሚሊ ሜትር መሆን የሚገባው ሳህን 10 ሚሊ ሜትር ሆኖ፣ ከሸሚዝ ቁልፍ ያልበለጠ ነገር ከማሽኑ ሥር አነሣ ነበር። ይህኛው ለዓይንም ስለሚታይ ደግ ስሕተት ነው። ማንም ሳያየው የሚያልፈው የከፋ ነው። ናሳ ወደ ማርስ የላካት ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1999 የጠፋችው አንዱ ወገን የግፊቱን መጠን በእንግሊዝ መለኪያ ሲያወጣ ሌላው በሜትሪክ ስለተቀበለው ነው። ያን ታሪክ ባነበብኩ ጊዜ ትዝ ያሉኝ ጋሼ ነበሩ። «የምታውቀው የቱ ነው?» የሚል ሰው በመሐል ቢኖር ብዬ አዘንኩ።

አሁን ወደ አሸንዳዎቹ ልምጣ። አንድ የገበሬዎች ማኅበር ሦስት የጤፍ ማበጠሪያ ማሽኖች አዝዞ ነበር። ለእያንዳንዱ ስምንት አሸንዳ ያስፈልጋል፤ ከ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ የታጠፈ፣ ርዝመቱ 900፣ ወለሉ 100፣ ሁለቱ ክንፎቹ እያንዳንዳቸው 50 ሚሊ ሜትር ቁመት ያላቸው። አሸንዳው የሚቀመጥበት ማቀፊያ ስፋቱ 100.5 ነው። ግራና ቀኝ የሩብ ሚሊ ሜትር ክፍተት ብቻ የተተወው ያለ ምክንያት አልነበረም። የጤፍ ፍሬ ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። ጤፍ በሚፈስበት ዕቃ ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ማለት ገርበብ ያለ በር ነው፤ ገበሬው ዓመቱን ሙሉ የደከመበት በዚያ እየሾለከ መሬት ላይ ይቀራል።

በዚያ ሳምንት ጋሼ ለቅሶ ደርሰው ለመምጣት አገር ቤት ሄደው ነበር። እኔ ደግሞ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኛል፤ ፋይሎቼ ንጹሕ ሆነዋል፤ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ልጅም እያመሰገነኝ ነው። አሸንዳውን ዘርግቼ ነደፍኩት፦ 50፣ 100፣ 50፤ ድምሩ 200። ማጠፊያው የሚይዝባቸውን ሁለት መስመሮች በ50 እና በ150 ላይ አሰመርኩ። ጫፍና ጫፉ ላይ የቡሎን ቀዳዳዎቹን አስቀመጥኩ። ሁሉም በፋይሉ ላይ ያለ እንከን ነበር። በሁለት ቀን 24ቱም ተቆረጡ፤ በሦስተኛው ቀን 24ቱም ታጠፉ። አንዱን እንኳ አስቀድሜ አልሞከርኩም።

በአራተኛው ቀን የመጀመሪያውን አሸንዳ ማቀፊያው ላይ ስናስቀምጠው አልገባም። ገፋነው፤ አልገባም። ሌላ አነሣን፤ ያም አልገባም። ካሊፐሩን አምጥቼ ወለሉን ስለካው 100 መሆን የነበረበት 103.5 ሆኗል። ክንፎቹም ከ50 አልፈው 51.7 ደርሰዋል። በያጁ ልጅ ክፉ አስቦ ሳይሆን ሊያጽናናኝ ብሎ «ማቀፊያውን በግራይንደር እናስፋው፣ ማን ያያል?» አለኝ። እኔም ልስማማ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ጋሼ በማግስቱ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ መጡ። ኀዘናቸው ገና ፊታቸው ላይ ነበር። የሆነውን ስነግራቸው ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። አንዱን አሸንዳ አንሥተው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና «ማቀፊያው ትክክል ነው አይደል?» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲያው አይነካም። ስሕተቱን ለማስማማት ብለን ትክክሉን አናበላሽም። በእጅ የሰፋ ነገር እኩል አይሰፋም፤ ጤፉ መንገድ ያገኛል።»

ከተራፊው ላሜራ ርዝመቱ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን ቁራጭ አስቆረጡኝ። በካሊፐር አስለክተው ልክ 100 መሆኑን አረጋገጡ። ወደ ማጠፊያው ሄደን መሐሉ ላይ 90 ዲግሪ አስታጠፉት። ከዚያ ቁራጩን ከነካሊፐሩ ሰጡኝ።

«ይህን ክንፍ ከውጪ ለካው።»

«51.75።»

«ያኛውንስ?»

«እሱም 51.75።»

«ደምረው።»

«103.5።»

«ቆርጠህ የሰጠኸኝ ስንት ነበር?»

«100።»

«3.5ቱ ከየት መጣ?»

መልስ አልነበረኝም። ጋሼም አልጠበቁም። ከኪሳቸው የሽቦ ቀለበቱን አውጥተው ከቁራጮቹ መሐል 2 ሚሊ ሜትሩን መርጠው አሳዩኝ። በላዩ ላይ የተጫረው ቁጥር 3.5 ነበር። እኔ ያን ሥራ ከመጀመሬ ከብዙ ዓመት በፊት የጫሩት ነው። «ልጄ፣ ብረት ሲታጠፍ ይሰጥሃል። ምን ያህል እንደሚሰጥህ እኔን ከመጠየቅህ በፊት ቁራጩን ጠይቀው» አሉኝ።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ትምህርት ቤት የተማርኩትን ደብተር ከሣጥን አውጥቼ እንደ አዲስ አነበብኩ። ላሜራ ሲታጠፍ የውጪው ቆዳ ይለጠጣል፤ የውስጡ ይጨመቃል። በሁለቱ መሐል የማይለጠጥ፣ የማይጨመቅም አንድ መስመር አለ። የእጥፋቱ እውነተኛ ርዝመት የዚያ መስመር ርዝመት ነው። እንዲህ ባለው ተራ ላሜራ ላይ መስመሩ ከውስጠኛው ፊት ሲለካ በውፍረቱ 0.44 ገደማ ላይ ይውላል። የእጥፋታችን የውስጥ ሬዲየስ 2፣ ውፍረቱም 2 ከሆነ የዚያ ሩብ ክብ ርዝመት 4.52 ሚሊ ሜትር ነው። እኔ ግን ማዕዘኑን በሁለቱም ክንፎች ላይ ቆጥሬ 8 ሰጥቼዋለሁ። ልዩነቱ 3.48። ሒሳቡን ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ሆነ። ጋሼ በካሊፐርና በአንድ ቁራጭ የደረሱበት ቦታ ነው። ሁለት እጥፋት ስላለ ከ200 ላይ ወደ 7 ሚሊ ሜትር መቀነስ ነበረብኝ፤ ትክክለኛው ዝርግ ልክ 193 ነበር።

በዚያው ሌሊት እናቴም ትዝ አለችኝ። ልብስ ሰፊ ነበረች። ጨርቅ ስትቆርጥ ሁልጊዜ ከልኩ ጣት የሚያህል ትርፍ ትተዋለች፤ ልጅ ሆኜ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ስፌት ይበላል» ትለኝ ነበር። ያንን ስሰማ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ጨርቅ ላይ ስፌት ይበላል፤ ብረት ላይ እጥፋት ይሰጣል። የሁለቱም ባለሙያ ግን አንድ ነገር ያውቃል፦ የተሠራው ዕቃ ልክና ከመሠራቱ በፊት የሚቆረጠው ልክ አንድ አይደሉም። እናቴ ይህን ያወቀችው መቀሷን ከማንሣቷ በፊት ነው። እኔ ያወቅሁት 24 አሸንዳ ካጠፍኩ በኋላ።

የጥፋቴ ዋጋ በዚያ አላበቃም። አሸንዳዎቹን በ193 ስደረድራቸው ሌላ ነገር ታየኝ። ገበያ ላይ የሚሸጠው ላሜራ 1 ሜትር በ2 ሜትር ነው፤ በ2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንዱ 31.4 ኪሎ ይመዝናል። በ200 ስፋት በ1 ሜትሩ ላይ የሚገቡት አራት ብቻ ናቸው፤ ነበልባሉ የሚበላውና በዕቃዎቹ መሐል የሚተወው ቦታ አምስተኛውን ያስወጣዋል። በርዝመቱ ሁለት ረድፍ ስላለ ከአንድ ላሜራ ስምንት ይወጣል፤ ለ24 ሦስት ሙሉ ላሜራ፣ 94 ኪሎ ብረት ፈጀሁ ማለት ነው። በ193 ግን አምስት ይገባል፤ ከአንድ ላሜራ ዐሥር ይወጣል፤ 24ቱ ከሁለት ላሜራ ተኩል ባነሰ ያልቃሉ። ትክክለኛው ልክ ብረትም ይቆጥብ ነበር።

ጋሼ የተበላሹትን አሸንዳዎች ለቁራሌ አልሸጧቸውም። ከወርክሾፑ ጀርባ ግድግዳ ላይ በይደውባቸው የቁራጭ ብረት መደርደሪያ አደረጓቸው። ከዚያ ቤት እስክወጣ ድረስ ተራፊ ላሜራ ፈልጌ በሄድኩ ቁጥር እጄን የምሰድደው በገዛ ጥፋቴ ላይ ነበር። ሊያሳፍሩኝ ብለው ያደረጉት አይደለም። «ዕቃ እንደሆነ ይቁም፣ ያገልግል» ነው ያሉት። እኔም ከጊዜ በኋላ መደርደሪያውን እንደ ወዳጅ ማየት ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት አራት ዓመታት ትምህርቴ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም። ማጠፊያው በ90 ዲግሪ ጨምቆ ሲለቀው ላሜራው ወደ 92 እንደሚመለስ፣ ስለዚህ እስከ 88 ማጠፍ እንደሚገባ ያሳዩኝ ጋሼ ናቸው። ላሜራ ፋብሪካ ውስጥ በተዳመጠበት አቅጣጫ የራሱ ድርና ማግ እንዳለው፣ በዚያው አቅጣጫ ጠበብ አድርገው ሲያጥፉት ወገቡ ላይ ሊሰነጠቅ እንደሚችል ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ቦታ ለመቆጠብ ብዬ ዕቃውን ላሜራው ላይ ሳዞር የሚታጠፍበትን መስመር ሳላይ አላዞርም።

ቀዳዳ ላይ ደግሞ እንዲህ ይሉ ነበር፦ «ነበልባል በወፍራም ብረት ላይ ጠባብ ቀዳዳ አያምርበትም።» እውነት ነው፤ 8 ሚሊ ሜትር ሳህን ላይ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በፕላዝማ ሲቆረጥ ከላይ ሰፍቶ ከሥር ይጠብባል፤ ጠርዙም በእሳቱ ይጠነክራል። ጥርስ የሚወጣለት ቀዳዳ ከሆነ ማሽኑ ማዕከሉን ብቻ ምልክት እንዲያደርግ አዘጋጅተን በትራፓኖ እንበሳዋለን፤ ለ10 ቁጥር ቡሎን በ8.5፣ ለ8 ቁጥር በ6.8። ኮምፒውተሩ ሁሉንም ክብ እኩል አድርጎ ያሳያል። የትኛው ለእሳት፣ የትኛው ለትራፓኖ እንደሆነ የሚለየው የሚያዘጋጀው ሰው ነው።

ልክን በተመለከተም ከሳቸው የወሰድኩት ጥያቄ አለ። እኔ ሁሉንም ልኬት እስከ መቶኛ ድረስ አጥብቄ ስጽፍ «ይህ የት ይቀመጣል? ምን ይነካዋል?» ይሉኛል። ምንም የማይነካው ጠርዝ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሳሳት ማንንም አይጎዳም፤ ማቀፊያ ውስጥ የሚገባው ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሳሳት ማሽኑን ያቆማል። ዓለም አቀፉ የልዩነት ሠንጠረዥ በመካከለኛው ደረጃ ከ30 እስከ 120 ሚሊ ሜትር ላለ ልኬት ሲደመር ሲቀነስ 0.3፣ ከ120 እስከ 400 ላለው 0.5 ይፈቅዳል። ያንን ሠንጠረዥ በኋላ ሳጠናው የጋሼ ጥያቄ በቁጥር ተጽፎ ያገኘሁት ያህል ተሰማኝ። ሁሉን ነገር እኩል ማጥበቅ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ሠራተኛውን ግን ዋናው የቱ እንደሆነ ሳይነግሩት መተው ነው።

መብራት ሲጠፋም ከሳቸው ጋር ነበርን። ነበልባሉ መሐል መንገድ ላይ ይቆማል፤ ወርክሾፑ ጸጥ ይላል፤ የምንሰማው የኮምፕረሰሩን የቀረች ትንፋሽ ብቻ ነው። መብራቱ ሲመለስ በቆመበት ነጥብ ላይ ከተነሣ ብረቱ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ትቀራለች። ስለዚህ ረጅም ዙሪያ ያለውን ዕቃ ለብቻው፣ ትንንሾቹን ለብቻ በየፋይሉ መክፈል ጀመርኩ፤ መብራት ቢሄድ የሚበላሸው አንድ እንዲሆን። ይህን የትኛውም መጽሐፍ ላይ አላነበብኩትም። ከአገሩ ኑሮ የተማርነው ነው።

ጋሼ በ2006 ዓ.ም. ዓይናቸው ደከመና ሥራ አቆሙ። የወጡበት ዕለት ከሰዓት በኋላ መጥተው ቀለበቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። «አንተ በኮምፒውተር ታሰላዋለህ፤ ግን ይኑርህ» ብቻ ነው ያሉኝ። ከሦስት ዓመት በኋላ ቀብራቸው ላይ ቆሜ ሳለ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ የ2 ሚሊ ሜትሯን ቁራጭ እዳስስ ነበር። ለምን ይዣት እንደሄድኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁን የምንጠቀምበት ፕሮግራም ዝርግ ልኩን ራሱ ያወጣል። ውፍረቱንና ሬዲየሱን ከሰጡት እጥፋቱን ቀንሶ፣ መስመሩን አስምሮ በአንድ ጠቅታ ያቀርበዋል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ እኔ በዚያች ሌሊት በደብተር ካወጣሁት አይለይም። ይሁንና አዲስ ላሜራ በገባ ቁጥር ከእኔ ጋር የሚሠሩ ልጆች መጀመሪያ 100 ሚሊ ሜትር ቁራጭ ቆርጠው አጥፈው ይለካሉ። አንዳንዶቹ ጊዜ ማባከን ይመስላቸዋል። እኔም አላስገድድም፤ ቀለበቱ የት እንደተሰቀለ ብቻ አሳያቸዋለሁ።

ባለፈው ወር ለአንድ ሥራ 15 ላሜራ ገባልን። ደረሰኙ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ይላል፤ ፕሮግራሙም በ2 ተሞልቶ ዝርግ ልኩን አውጥቷል፤ ፋይሉ ለመቁረጥ ዝግጁ ነበር። ከሰዓት በኋላ አንዲት ተለማማጅ ልጅ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ምንም ሳትናገር የታጠፈ ቁራጭ አስቀመጠች፤ ከጎኑም ከቀለበቱ ላይ የፈታቻትን የጋሼን ቁራጭ አኖረች። በእርሷ ቁራጭ ላይ የተጫረው 3.2 ነበር፤ በጋሼ ላይ 3.5።

«እጥፋቱ አነሰብኝ» አለች። «የተሳሳትኩ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ቆርጬ ሞከርኩት። ከዚያ ውፍረቱን ለካሁት። ጋሼ፣ ይህ ላሜራ 2 የሚባለው ስሙ ነው፤ ራሱ 1.8 ነው።»

ካሊፐሩን አንሥቼ ለካሁት። 1.8 ነበር። ፋይሉን ወደ ኋላ መለስነው፤ ልኩን አስተካከልን፤ ከዚያ በኋላ ነው መቁረጥ የጀመርነው። ማታ ሁሉም ሲሄዱ የልጅቷን ቁራጭ አንሥቼ ጫፉን በስቼ ቀለበቱ ላይ፣ በ1.5 እና በ2 መሐል ሰካሁት።